መፍቻው የት ነው? ከጋፋት እስከ ወረታ፣ የጎማ፣ የዘንግና የባለ እጅ ታሪክ

ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ መድረቅ ሲጀምር፣ በወረታ ግቢዎች ውስጥ በክሪክ ተነሥቶ የቆመ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ጎማው ወልቋል። ዳዶውም በስንት መከራ ተፈትቷል። የቀረው ከካምቢዮ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነው፤ መካኒኮች አክስል የሚሉት። እሱ ግን አልወጣም ብሏል። አንዱ መዶሻ ያነሣል፣ ሌላው ናፍጣ ያፈስበታል፣ ከጎረቤት የመጣው ደግሞ ቆሞ ይመክራል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ እንቢተኛ ዘንግ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ መኪና ዘንግ ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ ወሬው ከአገር ወሬ ብዙም አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉና ተራራ ሥር እስከ ጣና ዳር ባለው ምድር ላይ፣ ባለፉት 160 ዓመታት ጎማ በትልቅ ኃይልና በትልቅ ትእዛዝ ደጋግሞ አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ አሳልፈውታል። ፋሺስት ጣሊያን አሳልፎታል። የቻይና መንገድ አሳልፎታል። አሁን ደግሞ በባትሪ የሚሄደው መጥቷል። በየዘመኑ ማሽኑ ደርሷል። ማሽኑን ፈትቶ የሚገጥመው እውቀት ግን ወይ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል፣ ወይ ሳይጻፍ በጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ቀርቷል። ክርክሬ ይኸው ነው፦ እኛን የቸገረን መኪና ማስገባት አይደለም፤ የቸገረን መፍቻውን መያዝ ነው።

ዘንጉ ለምን አልወጣም ይላል?

መጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንየው። በፊት ጎማው የሚጎትት መኪና፣ ለምሳሌ በየከተማው የምናየው ቪትዝ፣ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉት። የዘንጉ አንድ ጫፍ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባል። ሌላው ጫፍ ጎማው በሚታሰርበት ሀብ መሀል አልፎ በትልቅ ዳዶ ይታሰራል። በሁለቱም ጫፎች ላይ ዙሪያውን ጥርስ ተፈልፍሎበታል፤ የዘንጉ ጥርስ ከሀቡ ጥርስ ጋር ተናክሶ ነው ጎማውን የሚያዞረው።

ንክሻው በጣም ጥብቅ ነው። ውኃ ግን በጠባብም ቦታ ይገባል። ውኃ የነካው ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። መውጫ ስለሌለው እዚያው ተጨናንቆ ሁለቱን ብረቶች አንድ አካል ያስመስላቸዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይፈታ የቆየ ዘንግ የተበየደ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ለዝገት ደግሞ ፎገራ የተመቸ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት የያዘውን አይለቅም። በየዓመቱ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን፣ ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀለውን ጎርፍ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ይኸው ውኃ ግን በረከትም ነው። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የፎገራ መታወቂያ የሆነው በዚህ ውኃ ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ ዘንጉንም ያዝገዋል። ወረታ ላይ ጥገና ቅንጦት ያልሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ጋፋት፦ ከጌታው ጋር የሄደ እውቀት

ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ስትወጡ ደብረ ታቦርን ታገኛላችሁ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። የዐፄ ቴዎድሮስ የብረት ሥራ መንደር ነበረች። ንጉሡ በወንጌል ስም የመጡትን የአውሮፓ ባለ እጆች፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርንና ባልደረቦቹን፣ እዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። የአገሬውም ሰው አብሯቸው ቀጠቀጠ፣ አቀለጠ፣ ተሸከመ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ የመድፉን ጉዞ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በጋሪ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ አስጠረጉ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ገደሉን አወረደው፣ ዳገቱን አወጣው። ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመድፉ ይልቅ የጋፋት ምድጃ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ወደቁ። አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ተፈትተው ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ጋፋት ባዶዋን ቀረች። በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የነካ የአገር ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ያንን እውቀት የሚይዝ ትምህርት ቤት፣ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ፣ የሚያከብር ማኅበረሰብ አልጠበቀውም። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚሰድብ፣ «ቡዳ ነው» ብሎ ልጁን የማይድርለት አገር ነበርና። ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ መከልከል ያስፈለጋቸው ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

ስለ ቴዎድሮስ ስናወራ ቁጭታችን ሁሉ «መድፉ ቢተኩስ ኖሮ» የሚል ነው። «ጋፋት ብትቀጥል ኖሮ» ብሎ የሚቆጭ ጥቂት ነው።

የጣሊያን ስም፣ የአማርኛ ግስ

ሁለተኛው ጎማ በወረራ መጣ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. አኪሌ ስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ገባ፤ ከዚያም ወደ ጣና ወረደ። ከዚህ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት መንገድ ተቆረጠ፣ ድልድይ ተሠራ፣ ጋራዥ ተከፈተ። ለፍቅር አልነበረም፤ አርበኛውን ለማሳደድና ስንቅ ለማድረስ ነበር። አርበኛውም አልተኛላቸውም። በመጨረሻም በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው።

ጦሩ ሄደ፤ መኪናው ቀረ። ፊያት 634 የተባለው ከባድ መኪና «ትሬንታ ኳትሮ» በሚል ስም ለብዙ ዘመን ጫነልን። ንጉሠ ነገሥቱም ብዙ የጣሊያን ባለ ሙያዎች እንዲቀሩ ስለፈቀዱ፣ ጋራዦቹ በእነሱ እጅ ቆዩ። በእነዚያ ጋራዦች ወለል ላይ ነው የእኛ ሰው መካኒክ የሆነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ዕቃ እያቀበለ፣ ዘይት እየጠረገ፣ ጌታው ሲፈታ በዓይኑ እየሰረቀ ተማረ።

የዚህ ትምህርት ማስረጃው ዛሬም በአፋችን ላይ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፦ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ስሞች ናቸው። ግሱን ስትሰሙ ግን አማርኛ ነው። መፍታት፣ ማሰር፣ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ መግጠም፣ መሳብ። ዋናው መሣሪያም በአማርኛ ነው የሚጠራው፦ መፍቻ። የዕቃውን ስም ከጌታው ወሰደ፤ ሥራውን ግን በራሱ ቋንቋ አሰበው። ያ ያልተማረ የተባለ ልጅ ትልቅ ነገር ነው የሠራው። ማሽንን ከባዕድ ዓለም አምጥቶ በእናቱ ቋንቋ ፈታው።

ያልሠራው አንድ ነገር ነው፤ አልጻፈውም። ማን ይጽፈው? ብዙው መካኒክ ከብዕር ጋር አልተዋወቀም፤ ከብዕር ጋር የተዋወቀው ደግሞ ግራሶ መንካት አልፈለገም። በእኛ አገር እጅና ብዕር ተኳርፈው ነው የኖሩት።

መጋጠሚያዋ ከተማ

ዛሬ የምናውቃት ወረታ ግን የሦስተኛው ጎማ ልጅ ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ጎብኝተው ከማኦ ጋር ሲገናኙ የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት ተደረገ። ከዚያ ስምምነት ከተገኙት ሥራዎች ትልቁ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ነው። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጉሡ ወርደው ደርግ ነው ሥራውን ያስፈጸመው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ቴዎድሮስ መድፍ ያስጎተቱበት አገር አንድ መቶ ከሚሆኑ ዓመታት በኋላ የመኪና መንገድ አገኘ።

መንገዱ ከባሕር ዳር ጎንደር አስፋልት ጋር የሚገናኘው ወረታ ላይ ስለሆነ፣ ከተማዋ ማረፊያም፣ መጫኛም፣ መጠገኛም ሆነች። ከወልድያ የተነሣ መኪና የጋይንትን ቀዝቃዛ ደጋ አልፎ፣ የጉናን ጎን ይዞ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስ ፍሬኑ ግሏል፣ ባሌስትራው ተሰብሯል። ወረታ ደርሶ ነው ልቡ የሚመለሰው። ረዳቱ ከሾፌሩ፣ የጎሚስታው ልጅ ከጎሚስታው ይማራል። አንድ ትውልድ በዚህ አደገ።

ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነበር። በእርሻ መሣሪያ፣ በብረታ ብረትና በኤሌክትሪክ ጥሩ ጥሩ ቴክኒሻኖችን አፍርቷል። እዚህ ላይ እጅና ብዕር ሊታረቁ ተቃርበው ነበር። ተመራቂው ግን ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ የመንገድ ዳሩ መካኒክ እዚያው መንገድ ዳር ቀረ። ተቋሙም አድጎ የዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን የሚያስመርቀው ኢንጂነር ነው። ኢንጂነር መብዛቱ ጥሩ ነው። ወረታ ግቢ ውስጥ በክሪክ የቆመችውን መኪና ግን ኢንጂነሩ አይፈታትም፤ መካኒኩም የኢንጂነሩን መጽሐፍ አያገኝም።

ተደብቆ የሚይዘው ቀለበት

አሁን ወደ እንቢተኛው ዘንግ እንመለስ፤ ያልተጻፈ እውቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው እሱ ነውና።

የሚያውቅ ሰው ሥራውን የሚጀምረው መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ነው። የመቆለፊያ ሽቦውን ያወጣል፣ ፍሬን ያስይዛል፣ ዳዶውን ያላላል። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ይህ ዳዶ በ200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። በአንድ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው፤ ዝገቱ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ። ይህን ጉልበት በክሪክ በተነሣ መኪና ላይ መጠቀም መኪናውን በራስ ላይ መጣል ነው። መኪናው ከተነሣም በኋላ ጠንካራ መደገፊያ ሳይደረግበት ማንም ከሥሩ አይገባም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ይህችን ቃል ባለመስማት የሞተ ሰው አለ።

ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነክሮ ጊዜ ይሰጠዋል። ዳዶውን እስከ ዘንጉ ጫፍ ድረስ መልሶ ያስገባና፣ በእንጨት ወይም በነሐስ ላይ ነው የሚመታው፤ የዘንጉ ክር እንዳይጨፈለቅ። አልላቀቅ ካለም መዶሻ አያበዛም፤ ተስቦ የሚገፋ መሣሪያ አስሮ ቀስ በቀስ ያጠብቃል። እሳት መለኮስ የመጨረሻው ነው፤ ኩሽኔታውንና የግራሶ መያዣ ላስቲኩን ያቃጥላልና።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ግን በወዲያኛው ጫፍ ነው። ዘንጉ ከሀቡ ወጥቶ ከዲፈረንሻሉ አልወጣም ሲል፣ ጉልበተኛው ዘንጉን ራሱን ይዞ ይጎትታል። ጆይንቱ ይበታተናል፤ ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ዘንጉ ግን እዚያው ነው። ለምን? በዲፈረንሻሉ ውስጥ፣ በዘንጉ ጫፍ ቦይ ላይ፣ ከጣት ቀለበት የማይበልጥ ቀጭን የብረት ቀለበት አለች። የያዘችው እሷ ናት። በዓይን አትታይም። መፈንቀያ ብረት ከጆይንቱ ሥር ገብቶ አንድ ጊዜ አጠር ያለ ጠንከር ያለ ግፊት ሲያገኝ ቀለበቷ ትጨመቃለች፤ ዘንጉም «ቷ» ብሎ ይወጣል። ያላወቀ ሰው ግማሽ ቀን የታገለውን የሚያውቅ ሰው በደቂቃ ይጨርሰዋል።

የሁለቱ ልዩነት በክንድ አይደለም፤ አንደኛው ቀለበቷ እዚያ መኖሯን ያውቃል። ይህ እውቀት በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ከነሥዕሉ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ። የጥገና መመሪያውን በአማርኛ አሳትሞ መኪና የላከልን አምራች እስካሁን አላየሁም። እኛም አልተረጎምነውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ቀለበቷን በራሱ ኪሳራ ያገኛታል፤ ወይም በሰው መኪና ኪሳራ።

ባትሪ መኪናም ዘንግ አለው

«ይህ ሁሉ የድሮ መኪና ጣጣ ነው፤ አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ይኖራል። እንየው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ አሳወቀ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ስለሆነ የውሳኔው ምክንያት ይገባኛል። ውጤቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያለው አሮጌ መኪና ሳይተካ ብዙ ዓመት መኖር አለበት፤ ማለትም ጥገና ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚመጣውን አዲሱን መኪና የሚያውቀው የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላና ፍሪሲዮን የለውም። ዲፈረንሻል ግን አለው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄድ ዘንግ፣ ሀብ፣ ኩሽኔታ፣ ትልቅ ዳዶ፣ ሁሉም አሉ። ባትሪው ስለሚከብድ ሸክማቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የፎገራ ውኃም «ይሄ ኤሌክትሪክ ነው» ብሎ አይምረውም። አዲስ የተጨመረው አደጋ ነው፦ ብርቱካንማ ሽፋን ያለው ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይሄዳል። ቀለበቷን ያላወቀ ዘንግ ይሰብራል። ብርቱካኑን ያላወቀ ግን ራሱ አይተርፍም።

«ልጆቹ ከዩቲዩብ ይማሩታል» የሚባለውንም አልንቅም፤ ብዙዎች ተምረውበታል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ። መንገዱም እንዲሁ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ በቻይና መንገድ እስከ ጋይንት ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። ከዚያም ወዲህ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል ነው የኖርነው። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ አይመጣም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ቪዲዮው አይከፈትም። የማይዘጋው በወረቀት የታተመና በሰው እጅ የገባ እውቀት ብቻ ነው። ሰላም በጠፋበት ቦታ ደግሞ አምቡላንሱም፣ የሩዝ መጫኛውም፣ የወላድ ማድረሻ ባጃጁም የሚሄደው በዚያ ስሙ በማይጠራ መካኒክ ትከሻ ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ሰማይ አይነካም። መኪና አስመጪም ሆነ ገጣጣሚ ፈቃድ ሲሰጠው የጥገና መመሪያውን በአገር ቋንቋ፣ ከነሥዕሉ፣ አዘጋጅቶ እንዲያስረክብ ይገደድ። መንግሥት መኪናውን ለመከልከል ሥልጣን ካለው፣ መጽሐፉን ለማስመጣትም አለው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ደግሞ በር ላይ ያለውን ባለ እጅ ያስገቡት። 20 ዓመት የፈታና የገጠመ ሰው ከአሥረኛ ክፍል ካርዱ በፊት እጁ ይታይለት፤ በሚናገረው አማርኛ ይመዘን፤ ሲያልፍም አስተማሪ ይሁን። ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ የሚለው ቃሉም አይናቅበት። እውቀቱ ያለው በእነዚያ ቃላት ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ በእነሱ ይጻፍ።

ሌላው የእኛ የአንባቢዎቹ ድርሻ ነው። በዚህ ቻናል ስለ ሥርዓትና ስለ ለውጥ ስንት ጊዜ ተከራክረናል። ክርክራችን ሁሉ በማን መዶሻ ይመታ የሚል ሆኖብኝ ያውቃል። የያዘችው ቀለበት የት እንዳለች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያንን የሚጠይቅ ሰው በየጋራዡ አለ፤ ልብሱ በግራሶ ስለቆሸሸ ግን ማንም ወንበር አይለቅለትም።

ጋፋት የጠፋችው ብረት አጥታ አይደለም። ምድጃውን ከቴዎድሮስ በኋላ የሚያነድ፣ ያነደደውንም የሚያከብር ስላልተገኘ ነው። ወረታ ዛሬ ብዙ ጎማ አላት፣ ብዙ እጅም አላት። እጁ ያወቀውን የሚጽፍ ብዕር ካላገኘን፣ አምስተኛው ጎማ ሲመጣም እንደ ልማዳችን መዶሻ ይዘን እንጠብቀዋለን።

ቸር ይግጠመን።